ብር ወደቀ፣ የውጭ እንግዳው ግን የት አለ? ከስኪ አገሮች ለመንዝና ለአንኮበር ደጋ የሚወሰድ ነገር ካለ

ጓሳ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። ያኔ በየአስጎብኚው አፍ የነበረው «ለፈረንጅ ረከስንለት፣ አሁን ይጎርፋል» የሚል ነበር። አልጎረፈም። በሌላው ዓለም ግን ኢኮኖሚያቸው ሲንገዳገድ የውጭ እንግዳ የሞላላቸው ቀዝቃዛ ተራራዎች አሉ፤ በተለይ የበረዶ ሸርተቴ ወይም ስኪ የሚባለው ያለባቸው። እነሱ ምን አድርገው ነው?

ጥያቄው የቀረበው ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በኩል፣ 3,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለ ባለ 6 ክፍል የማኅበር ማረፊያ ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ሣር ክዳን፣ ሶላር መብራት፣ ከምንጭ የተጠለፈ ውሃ። ሦስት ነገር ንገሩኝ። የአዳሩን የዶላር ዋጋ እንቀንስ? የትኛውን የውጭ ዜጋ እንፈልግ? ለብርዱስ ምን እናድርግ? ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ እንግዳ አንድ አዳር አድሮ ሁለተኛውን ሰርዞ ይወርዳል።

አንድ የኮሚቴ አባል ደግሞ «በረዶ የሚሠራ ማሽን አለ አሉ፣ አስመጥተን ሸርተቴ እንክፈት» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አትሳቁ፣ በቁጥር መልሱልኝና ልንገራቸው።

ሒሳብ አይዋሽም

ወንድሜ፣ ከዋጋው ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የምንዛሪ መውደቅ እንግዳ የሚያመጣው መኝታና ምግብ ከጉዞው ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ሲይዝ ነው። የአርጀንቲናዋን የስኪ ከተማ ባሪሎቼን ተመልከት። የአገሩ ገንዘብ ፔሶ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዶላር ጋር አንድ ለአንድ ታስሮ ቆይቶ በጥር 2002 ተፈታና ወደቀ። ባሪሎቼ ላይ የበረዶ ቁልቁለቱን የሞላው ከሁሉ በፊት ብራዚላዊው ጎረቤት ነው፤ እንዲያውም «ብራዚሎቼ» የሚል የቅጽል ስም አትርፋለች። ለጎረቤት መንገዱ አጭር ስለሆነ የሆቴሉ መርከስ በቀጥታ ኪሱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ያንተን ሒሳብ በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹን በራስህ ቁጥር ተካቸው። አንድ ሰው ከአውሮፓ ለመምጣት ለአውሮፕላን 1,000 ዶላር ከፈለ እንበል። አራት ሆነው የሚከራዩት መኪና ለጉዞው 300 ዶላር ነው፣ የአንዱ ድርሻ 75። ያንተ ጋ ሁለት አዳር በ40 በ40፣ 80። ድምሩ 1,155። አዳሩን በግማሽ ብትቀንስለት የሚተርፈው 40 ዶላር ነው፤ ከጠቅላላው 3 ተኩል በመቶ አይሞላም። ለዚያ ብሎ አገር የሚመርጥ ሰው የለም። አንተ ግን ገቢህን በግማሽ ቆርጠሃል።

ያው ቅናሽ አዲስ አበባ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። አውሮፕላን የለበትም፤ ወጪው 75 እና 80፣ 155 ነው። 40 ብትቀንስለት ሩቡን አነሳህለት ማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኤምባሲዎቹ፣ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጠው ቅዳሜና እሑድን የት እንደሚያሳልፉት ያስባሉ። ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሴ እነሱ ናቸው። ፓስፖርታቸው የውጭ ነው፣ ደመወዛቸው አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ቪዛ አያስጨንቃቸውም፣ ከፍታውንም በግማሽ ለምደውታል።

ለዚህ ቁልጭ ያለው ምሳሌ ሌሶቶ ነው። አፍሪስኪ የሚባል ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ የሸርተቴ ቦታ አላቸው። የሌሶቶ ሎቲ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ የታሰረ ስለሆነ ለዋናው ደንበኛቸው ምንዛሪው ምንም ለውጥ የለውም። ደንበኛው ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ በገዛ መኪናው ድንበር ተሻግሮ ይመጣል። የሚሸጡለት ቅርበትንና በአገሩ እንደልብ የማያገኘውን በረዶ ነው።

ስለዚህ የዶላሩን ዋጋ አትንካ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የውጭ ዜጋ ግን ለብቻው «የሁለት አዳር ዋጋ» አውጣ፤ ሁለተኛው አዳር ረክሶ፣ አንድ አዳር ብቻ የሚፈልግ ሙሉውን ይክፈል። የአንድ አዳር እንግዳ አንሶላ አሳጥቦ፣ ውሃ አስሞቅቶ የሚሄድ ነውና ትርፉ ትንሽ ነው።

የቆላ ሰው

ሒሳብ አይዋሽም፣ እዚህ ላይ ጃፓንን ረሳኸው። ኒሴኮ በሚባለው የስኪ ቦታቸው ላይ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ የአውስትራሊያ ሰው በአውሮፕላን እየተመላለሰ ነው። የጃፓን ገንዘብ የንም በ2024 (እ.ኤ.አ.) በአሥርት ዓመታት ያልታየ ዝቅታ ላይ ወርዶ እንግዳው በዝቷል። ጎረቤት አይደሉም እኮ።

ሒሳብ አይዋሽም

ልክ ነህ፣ ግን ኒሴኮን የያዘው ዋጋው ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ደረቅና ዱቄት የመሰለ በረዶ አለው፤ ሰው ለእሱ ሲል ይበራል፣ የየን መውደቅ ደግሞ የሚቆይበትን ቀን ያረዝምለታል። ጓሳም እንዲህ የሚበርለት እንግዳ አለው፦ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት፣ ወይም በ1979 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ የተገለጸችውን የአንኮበር ወፍ ለመመዝገብ የሚመጣ የወፍ ተመልካች። እሱ በ40 ዶላርም በ60ም ይመጣል። ለእሱ ዋጋ መቀነስ ገንዘብ መበተን ነው። የሚፈልገው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዝግጁ የሆነ አስጎብኚና ትኩስ ቁርስ ነው።

ኒሴኮ ያስከተለውን ጣጣም አንርሳ። ዋጋው ሁሉ ለውጭ ሰው ተሰፍቶ የአካባቢው ሰው ምሳ እንኳ አልቀመስ እስኪለው ደርሷል። ለአገር ልጅና ለውጭ ዜጋ የሚከፈለውን ሁለቱንም ዋጋ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በሩ ላይ ስቀሉት። የተደበቀ ሁለት ዋጋ ጠብ ነው፤ የተሰቀለ ሁለት ዋጋ ግን ደንብ ነው።

የጣርማበር ጉም

ወደ በረዶ ማሽኑ ልምጣ፤ ለኮሚቴው አባል የሚነገር ቁጥር ይኸው።

ትንሽ የጀማሪ ቁልቁለት 300 ሜትር በ30 ሜትር ብትሉ 9,000 ካሬ ሜትር ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 3,600 ሜትር ኩብ በረዶ ይፈልጋል። ማሽን የሚረጨው በረዶ ከባድ ስለሆነ ለአንድ ሜትር ኩብ ከ400 እስከ 500 ሊትር ውሃ ይበላል። በትንሹ እንኳ 1,440 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው፤ 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ 144 ምልልስ። እሱም ለአንድ ጊዜ ማልበሻ ብቻ፣ ምንጩ በሚመነምንበት በበጋ።

ማሽኑ የሚሠራው አየሩ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ነው፤ የሚለካውም በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። የመንዝ ሌሊት አየር ደረቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ጥቂት ሰዓት ሊገኝ ይችላል። ችግሩ ቀኑ ነው። ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ ርቀት፣ በ3,300 ሜትር ላይ፣ ደመና በሌለበት የሚወጣ ፀሐይ ሌሊት የተሠራውን እስከ ቀትር ያቀልጠዋል። በረዶ ተኝቶ የሚከርመው ቀኑም ሲቀዘቅዝ ነው። እኛ ጋ ዝናብ ያለው በክረምት፣ ብርዱ በበጋ ነው፤ እርጥበትና ውርጭ አይገናኙም። ከሰማይ የሚወርደው በረዶም ጠጠር ነው እንጂ አመዳይ ሆኖ የሚነጠፍ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያ ቁልቁለት የጓሳ ሣር ነው። ከመንዝ አቅኚዎች አንዱ በነበረው በአስቦ ጊዜ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ሕዝቡ ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት በቀሮ ሥርዓት የተከለለ መሬት ላይ ማሽን ለማቆም የሚፈቅድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖርም ጥሩ አይደለም።

አንኮበሬዋ

አያ ጓሳ ዳር፣ እንግዳው ሁለተኛውን አዳር ሰርዞ የሚወርደው በብርዱ ብቻ እንዳይመስልህ። የከፍታ ራስ ምታትም አለበት፤ ሁለቱ ተደርበው ነው።

ከአውሮፕላን ወርዶ በዚያው ቀን 3,300 ላይ የሚያድር ሰው ማታውን ራሱን ይወቅረዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እራት ያቅለሸልሸዋል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨመርም። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ላይ ናት፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ያሳድሩት፣ በማግሥቱ በጣርማበር መታጠፊያ ወደ መሐል ሜዳ ይውጣ። ይህን እናንተ ለአስጎብኚው ካልጻፋችሁለት ጊዜ ለመቆጠብ ሲል በአንድ ቀን ያመጣዋል። የመጀመሪያው ማታ ላይ አረቄና ጠጅ አታቅርቡ፤ ሻይ፣ ሾርባና ውሃ ብቻ። ራስ ምታቱ ሲብስ፣ ሰውየው ሲንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው፤ ንጋትን አይጠብቁም።

አሁን መኝታው። ብርድ ልብስ ይደራረባል፣ እንግዳው ግን ይበርደዋል። ምክንያቱም ብርዱ ከሥር ነው። የአልጋው ርብራብ ክፍት ነው፣ ስፖንጁ ቀዝቃዛ አየር ያሳልፋል። ባና ወይም ዝተት ከአንሶላው በታች፣ በፍራሹ ላይ ይነጠፍ፤ የመንዝ በግ ጠጉር እዚያ ሲሆን ከላይ ከሚደረብ ሁለት ብርድ ልብስ ይበልጣል። ከላይ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሁለት ይበቃል፤ አራት ሲሆን ክብደቱ ራሱ እንቅልፍ ይነሣል። ሁሉንም ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት። በክፍል ውስጥ ታጥፎ የዋለ ብርድ ልብስ እርጥበት ይይዛል፤ እንግዳው «ርጥብ ነው» የሚለው ለዚያ ነው።

ፋርማሲ የሚሸጠው የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ለአንድ አልጋ ሁለት ይግዙ። ሁለት ሦስተኛውን ይሙሉት፣ አየሩን ጨፍልቀው ያስወጡና ይክደኑት፣ ጨርቅ ያልብሱት። አንዱን ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት አልጋው መሐል፣ ሌላውን ከእግር በኩል። ውሃው እናንተ ጋ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። በዚያው ምክንያት ምስርና ባቄላችሁ አልበስል ይላል፤ የግፊት ድስት ግዙ፣ እንጨትም ይተርፋችኋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል፦ የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል አይግባ። በሩ ተዘግቶ ሲታደር የከሰሉ ጭስ ባይታይም ሰው ይገድላል። እንግዳው ራሱ ቢጠይቅም አይሰጠውም። የሣር ክዳን ባለበት ቤት የእንጨት ምድጃም አልመክርም፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከሣሩ ጋር ከተገናኘ ቤቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ አመድ ነው። ይልቅ ቆርቆሮ ክዳን ያለውን አንድ የመመገቢያ አዳራሽ በባሕር ዛፍ እንጨት አሙቁ፣ ማታውን ሁሉም እዚያ ይቀመጥ፣ ወደ አልጋው ሞቆ ይሂድ። እንጨቱም ከደብረ ብርሃን ይምጣ እንጂ የጓሳ አስታ አይነካ።

ጓሳ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ አንኮበሬዋ፣ ባናውን ከሥር ማድረግ አስቤው አላውቅም። የቅድሚያ ክፍያስ? እንግዳ ቦታ ይይዛል፣ መንገድ ተዘጋ ሲባል ይቀራል፣ እኛ በግ ገዝተን እንቀራለን።

ሒሳብ አይዋሽም

እዚህ ላይ የስኪ ሰዎች በእርግጥ ብልሃት አላቸው። የአሜሪካው ቬይል ኩባንያ በመጋቢት 2008 (እ.ኤ.አ.)፣ የባንኮቹ ውድቀት ከመፈንዳቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሙሉውን ወቅት የሚያገለግል ኤፒክ ፓስ የሚባል ካርድ በ579 ዶላር ማስቀደም ጀመረ። ገንዘቡን በረዶ ሳይጥል ሰበሰቡ፤ ወቅቱ በረዶ ቢያጣ ጉዳቱ የሁሉም ሆነ። የስዊሷ ሳስ ፌ ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ በጥር 2015 (እ.ኤ.አ.) ፍራንክ ከዩሮ አንጻር እንዳይወደድ ያኖረውን ጣሪያ አንስቶ ፍራንክ ሲወደድባት፣ የውጭ እንግዳ ሲሸሽ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወቅት ካርዱን 222 ፍራንክ አደረገችው፤ ብዙ ሰው አስቀድሞ ከገዛ ብቻ እንደሚጸና አስታውቃ። አስተውል፣ ሁለቱም የቀነሱት የወቅቱን ካርድ እንጂ የመኝታውን ዋጋ አይደለም። ካርዱን የገዛ ሰው ይመላለሳል፣ መኝታና ምግቡን በሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

እናንተ በዚያው መንገድ በነሐሴ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደብተር ሽጡ፦ 6 አዳር፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት በፈለጉት ቅዳሜ፣ ለወዳጅም የሚተላለፍ። ገንዘቡ ክረምት ላይ ይገባል፣ ብርድ ልብሱንም ቧንቧውንም ያኔ ታሟላላችሁ።

ለተራ ቦታ ያዥ ደግሞ 30 በመቶ ሲይዝ፣ ቀሪውን 14 ቀን ሲቀረው። መንገድ ከተዘጋ ገንዘብ አይመለስም፣ ቀኑ በ12 ወር ውስጥ ይዛወራል። ይህ በአንድ አጭር አንቀጽ ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር ይላክ። ዋጋውን በዶላር ከተመንክ የሚከፈለው ብር ደረሰኝ በተጻፈበት ዕለት ባንክ በሚገዛበት ተመን ይሁንና ለ7 ቀን ይጽና። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶው ውስጡ መኖር አለመኖሩን ጻፉ፤ ጠብ የሚነሳው ስንብት ላይ ነውና።

የጣርማበር ጉም

አንድ የሚታለፍ ነገር አለ፣ ኢንሹራንስ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ብዙ መንግሥታት ለዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ማሳሰቢያ አማራ ክልል «አትሂዱ» ተብሏል። የብዙ አገር የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ ከማሳሰቢያው ውጭ የተኬደበትን ጉዞ አይሸፍንም። እንግዳው ዋጋችሁን ወድዶት እንኳ የሚቀረው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በቅናሽ አትገፉትም። ማሳሰቢያው በወረዳና በመንገድ ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ጊዜ ስላለ በየሳምንቱ አንድ ሰው ያንብበው። ለጠየቀ ሁሉ መንገዱ የት ድረስ ክፍት እንደሆነ በእውነት ይነገረው፣ «ምንም የለም» ብሎ ማስጎምጀት የለም። ማሳሰቢያው ሲላላ መጀመሪያ የሚመጣው ያኔ እውነት የተነገረው ሰው ነው።

ቧንቧ ሠሪ ዘደብረ ብርሃን

የብርዱን ነገር አንኮበሬዋ ጨርሳዋለች፣ ውሃውን ልጨምር። በንጋት ቧንቧ የሚፈነዳው ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ክርኑና መጋጠሚያው ነው። ከመሬት በታች ያለውን 50 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት። ከመሬት በላይ ያለውን በስፖንጅ ቱቦ ሸፍናችሁ በላዩ ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ራቁቱን ስፖንጅ ፀሐይ በአንድ በጋ ያፈረፍረዋል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ዋናው መዝጊያ ይዘጋ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለው ማስወገጃ ይከፈት፣ የክፍሎቹ ቧንቧዎችም ይከፈቱ፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ለሌሊት መጸዳጃ በየክፍሉ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ፀሐይ ቧንቧው ላይ ካረፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይከፈት። ጣሪያ ላይ ያለው የሶላር ውሃ ማሞቂያ መግቢያና መውጫ ቱቦውም እንዲሁ ይልበስ።

የሶላሩ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፤ ተገድዶ ከተሞላ ውስጡ ይበላሻል፣ አይመለስም። ውጭ ያለ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣችሁት ከሆነ ወደ አዳራሹ አስገቡት። «ጠዋት ጠዋት ባትሪው አይቀበልም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም፣ መቆጣጠሪያው ባትሪውን ከብርዱ እየጠበቀው ነው።

ጓሳ ዳር

ማስወገጃ የለንም። የት ይገጠም? ከስድስቱ ክፍሎች ሁለቱ ከዋናው መስመር ዝቅ ያሉ ናቸው።

ቧንቧ ሠሪ ዘደብረ ብርሃን

እንግዲያው ሁለት ያስፈልጋችኋል። አንዱ ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ፣ ሌላው ከታችኛው ክፍል መጸዳጃ በኋላ፣ ግማሽ ኢንች ባለ እጀታ መዝጊያ። የሚወጣውን ውሃ ከግድግዳው መሠረት በሁለት ሜትር የሚያርቅ ቱቦ ቀጥሉበት፤ መሠረቱ ሥር ፈስሶ በረዶ ከሆነ ድንጋዩን ያነሣዋል። መዝጊያውን ማታ የሚዘጋው ሰው በስም ይታወቅ፤ «ማንም ይዘጋዋል» ከተባለ ማንም አይዘጋውም።